ፓስወርዱን ማን አወጣው?

ዳይሬክተሯ የደወሉልኝ ሐሙስ ከሰዓት፣ ስብሰባ ላይ እያለሁ ነበር። «ኢንጂነር፣ ሌባዋ ተይዛለች» አሉኝ። ማን ምን እንደሰረቀ ገና አልገባኝም። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ አዳመጥኳቸው። ለወር ተብሎ የተገዛው የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ፓኬጅ በአራት ቀን አልቋል። ግማሹ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ቲክቶክ ሲያይ ከርሟል። ፓስወርዱን ያወጣችው አንዲት ልጅ ናት። ወላጅ እንድታመጣ ተነግሯታል፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ልትታገድ ነው። ከእኔ የሚፈለገው «እንዴት ሀክ እንዳደረገችው» በጽሑፍ እንዳስረዳ ብቻ ነው።

ላቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በእርዳታ የመጡ 18 አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ሊኑክስ ጫንኩ። ለምን ሊኑክስ? አንደኛ በነጻ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ፍላሽ የሰካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ፎልደሩን በሙሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ እዚያ ላይ አይሠራም። ለ18ቱም አንድ አካውንት ነው ያለው፤ ስሙ «ተማሪ»፣ ሲበራ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ይገባል። ኬብል ለመዘርጋት በጀት ስላልነበረ እያንዳንዷ ላይ ትንሽዬ የዋይፋይ ዶንግል ሰካሁ፣ ፓስወርዱን አስገባሁ፣ «ለሁሉም ተጠቃሚ ይቀመጥ» የሚለውን መረጥኩና ቤቴ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም።

አርብ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ልጅቷ ላቡ በር ላይ ቆማ ነበር። «ቲቸር፣ እኔ ሀክ አላደረግኩም» አለችኝ ገና ሰላም ሳልላት። እስቲ አሳዪኝ አልኳት። ሴቲንግ ከፈተች፣ ዋይፋይ ውስጥ ገባች፣ የኔትወርኩን ስም ነካች፣ ከፓስወርዱ ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ነካች። ነጠብጣቦቹ ፊደል ሆኑ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ኡቡንቱ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው አካውንት የአስተዳዳሪ አካውንት ነው። እኔ ለተማሪዎች ሌላ፣ አቅሙ የተገደበ አካውንት መፍጠር ሲገባኝ ሰንፌ ያንኑ የመጀመሪያውን «ተማሪ» ብዬ ሰየምኩት። በ18ቱም ማሽን ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አስተዳዳሪ ነበር ማለት ነው። አስተዳዳሪ ደግሞ የዋይፋይ ፓስወርድ ማየት መብቱ ነው።

ጻፍ የተባልኩትን ወረቀት አልጻፍኩም። ቤት ገብቼ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ። የጋራ ኮምፒውተር፣ ፓስወርድና ተማሪ፤ እነዚህ ሦስቱ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጣሉት? ማንበብ ጀመርኩ። ጠቡ ከሊኑክስ ይቀድማል፣ ከእኔ እናት ዕድሜም ይቀድማል። የተጀመረውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

*

ኖቬምበር 1961፣ ኤምአይቲ። ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት አሳዩ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነው። ስለዚህ ተካፍሎ መጠቀም ግድ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ ላብ፣ ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ልጅ። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ፋይልና የተለየ የሰዓት ኮታ ሲሰጥ ደግሞ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ ፓስወርድ ሆነ። ዛሬ በየቀኑ አሥር ጊዜ የምንረሳው ነገር ወደ ኮምፒውተር የገባው እዚያ ነው።

አንድ ዓመት አልቆየም። አለን ሼር የሚባል የፒኤችዲ ተማሪ በሳምንት የተመደበለት አራት ሰዓት ብቻ ነበር። የመመረቂያ ሥራው ራሱ የጋራ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ መለካት ስለሆነ አራት ሰዓት የትም አያደርሰውም። በ1962 የሌሎቹ ሁሉ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል በፕሪንተር እንዲታተም በፓንች ካርድ አዘዘ። ማሽኑም በታዛዥነት አተመለት። በቃ፣ ይኸው ነው። የሌሎችን ሰዓት እየወሰደ ሥራውን ጨረሰ፣ ተመረቀ፣ አይቢኤም ገብቶ ትልቅ ሰው ሆነ። ማን እንዳደረገው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ሲናገር ነው።

ይሄን ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ የኛዋ ልጅ ትዝ አለችኝና ሳቄን ተውኩት።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ፣ አንድ ከሰዓት ላይ፣ ሲቲኤስኤስ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ከዕለቱ የሰላምታ መልዕክት ይልቅ የሁሉንም ተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ስክሪኑ ላይ አገኘ። የሆነው ምን መሰላችሁ? አንዱ አስተዳዳሪ የዕለቱን መልዕክት ሲያርም፣ ሌላው በዚያው ሰዓት የፓስወርዱን ፋይል ያርም ነበር። የማረሚያው ፕሮግራም ሲሠራ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፤ የዚያ ፋይል ስም ምንጊዜም አንድ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንደሚሠራ ገምቶ ነበር። ሁለት ሲሆኑ ፋይሎቹ ተለዋወጡ። ኮርባቶ ይሄን በቱሪንግ ሽልማቱ ንግግር ላይ ራሱ ነው ያወራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀመው» የሚለውን ግምት። ተመልሶ ይመጣል።

*

በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ የተጀመረው ዩኒክስ፣ ገና ሲጀመር ባይሆንም፣ ውሎ አድሮ ከዚህ ሁሉ ተምሯል። የመጀመሪያው ትምህርት ፓስወርድን እንዳለ አለማስቀመጥ ነው። ቡና ከተፈጨ በኋላ ወደ ፍሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ዩኒክስም ፓስወርዱን ፈጭቶ ዱቄቱን ብቻ ያስቀምጣል። ስትገቡ የጻፋችሁትን እንደገና ይፈጭና ከዱቄቱ ጋር ያስተያያል። ፋይሉን የሰረቀ ሰው የሚያገኘው ዱቄት ነው። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ቶምሰን ባወጡት ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ጨው» የሚባለው ነገር ተብራራ፤ ከመፈጨቱ በፊት በዘፈቀደ የሚነሰነስ ቁጥር ነው፤ 4,096 ዓይነት ነበር ያኔ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢመርጥ እንኳ ዱቄታቸው አይመሳሰልም።

በዚሁ ጽሑፍ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ግን የትኛውንም የላብ ኃላፊ ታስቃለች ወይም ታስለቅሳለች። ሰዎቹ ከተጠቃሚዎች 3,289 ፓስወርዶች ሰበሰቡ፤ 2,831ዱ በጣም አጭር ወይም መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ቃል ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እነዚህ የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ናቸው እንግዲህ፣ የኔ አክስት አይደለችም። ቶምሰን ራሱ የተሻለ መርጦ ነበር። የእሱ ዱቄት ያለበት አሮጌ ፋይል ሾልኮ ወጥቶ፣ በ2019 የዘመኑ ማሽን ቀናት ፈጅቶ ሲፈታው፣ ፓስወርዱ የቼዝ መክፈቻ እርምጃ ሆኖ ተገኘ። ለነገሩ ቼዝ የሚጫወት ማሽን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥበብ ሊኑክስ ውስጥ ካለ፣ የኔ ዋይፋይ ፓስወርድ ለምን አልተፈጨም?

ይሄ ነው እኔ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ከዚያም ሠርቼ፣ ቁጭ ብዬ ያላሰብኩት ነገር። የመግቢያ ፓስወርድና የዋይፋይ ፓስወርድ ስማቸው አንድ ነው እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ማንነትህን ለማረጋገጥ ቁልፍህን መያዝ አያስፈልገውም፤ ሲያይህ ካወቀህ ይበቃል። ተላላኪ ግን ቁልፉን ካልያዘ ሌላ ሰው ቤት ሄዶ በር መክፈት አይችልም። በመግቢያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ዘበኛ ነው። በዋይፋይ ጊዜ ተላላኪ ነው፤ ራውተሩ ዘንድ ሄዶ ቁልፉን እንደሚያውቅ ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ ቁልፉ የሆነ ቦታ፣ ሊነበብ በሚችል መልክ፣ እሱ ጋ መቀመጥ አለበት። የፈለግነውን ያህል ብንደብቀው፣ የጋራ ኮምፒውተር ቁልፍ የያዘ ተላላኪ ነው። 30 ልጅ ደግሞ ኪሱን ይፈትሻል።

*

ሽቦ አልባው ኔትወርክም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ጁን 1971፣ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ። ኖርማን አብራምሰን የሚባል ፕሮፌሰር ሃዋይ የሄደበት አንዱ ምክንያት ሞገድ ላይ መንሸራተት ስለሚወድ ነው ይባላል፤ ጎበዝ። ዩኒቨርሲቲው ኮሌጆቹ በተለያዩ ደሴቶች ላይ ናቸው፤ ትልቁ ኮምፒውተር ግን ኦዋሁ ደሴት ላይ ብቻ ነው። በባሕር ላይ ሽቦ ከመዘርጋት ሬዲዮ ይሻላል አሉና «አሎሃኔት» ተወለደ። አሎሃ በእነሱ ቋንቋ ሰላምታ ነው። ሁሉም በአንድ ሞገድ ላይ ይናገራል። ሁለት ተርሚናል አብረው ከተናገሩና ቃላቸው ከተጋጨ፣ እያንዳንዱ ለዘፈቀደ ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሁለት ሰው እኩል ሲጮህና ረዳቱ ሳይሰማ ሲቀር፣ አንዱ ዝም ብሎ ሌላው እንደሚደግመው ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ይሄም ኔትወርክ የተሠራው ተማሪና ተመራማሪ ከሩቅ ሆኖ አንድ የጋራ ኮምፒውተር እንዲጠቀም ነው። ሐሳቡ ወደ ኢተርኔት ተሻገረ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ዋይፋይ ተመለሰ። አብሮት የመጣው ዕዳ ግን ግልጽ ነው፤ አየር ላይ የተናገርከውን ሁሉም ይሰማል።

በ1997 የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ ሲወጣ ለዚህ ዕዳ የተሰጠው መልስ «ዌፕ» ይባላል። ስሙ ሲተረጎም «ከሽቦ ጋር እኩል የሆነ ገመና» እንደማለት ነው፤ ስም ማውጣት ላይ ማንም አይችላቸውም። አሠራሩ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ነው። በዚያ ላይ በአሜሪካ የኤክስፖርት ሕግ ምክንያት ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ነበር። ከቁልፉ ጋር በየመልዕክቱ የሚቀያየር 24 ቢት ቁጥር ይጨመራል። 24 ቢት ማለት ወደ 16.7 ሚሊዮን ምርጫ ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን ሥራ የሚበዛበት ራውተር በሰዓታት ውስጥ ጨርሶት መድገም ይጀምራል። ሲደግም ደግሞ አድማጭ ሁለቱን መልዕክት አስተያይቶ ውስጣቸውን ያወጣል። በ2001 የበርክሌይ ተመራማሪዎች ይሄንን አሳዩ። በዚያው ዓመት ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር ቁልፉን ራሱን ማውጣት እንደሚቻል አረጋገጡ። በ2007 ዳርምሽታት ላይ ያሉ ጀርመኖች ረጅሙን የዌፕ ቁልፍ ከ60 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፈቱት። ዌፕ ግን ከዚያም በኋላ በየካፌውና በየትምህርት ቤቱ ዓመታት ኖሯል። ራውተር የሚቀየረው ሲቃጠል ነዋ።

በ2003 ደብሊውፒኤ፣ በ2004 ደግሞ ዛሬም አብዛኛው ቤት ያለው ደብሊውፒኤ ሁለት መጣ። ይሄኛው ደህና ነው። የምንጽፈውን ፓስወርድ ከኔትወርኩ ስም ጋር ቀላቅሎ 4,096 ጊዜ ይፈጫል (ይቺ ቁጥር አትለቀንም)። የኔትወርኩ ስም እንደ ጨው ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ ራውተሩ ከፋብሪካ የመጣበትን ስም እንዳለ መተው ጨው ሳይጨምሩ ወጥ እንደመሥራት ነው። ግን ልብ በሉ፤ የተፈጨውን ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ብናስቀምጥስ? እኔም አስቤዋለሁ። አይጠቅምም። ለዚያ ኔትወርክ ዱቄቱ ራሱ ቁልፍ ነው፤ ዱቄቱን የያዘ ይገባል። ያው ተላላኪው ነው።

ሌላም አለ። አንድ ፓስወርድ ለሁሉም እስከሆነ ድረስ፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ መልዕክቶች ከያዘ የጎረቤቱን ትራፊክ መፍታት ይችላል። ስለዚህ «ፓኬጅ አለቀ» ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ዳይሬክተሯ ራሳቸው በዚያው ዋይፋይ ነበር የሚሠሩት።

*

አሁን ወደ ሊኑክስ እንምጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ ማገናኘት የጀግና ሥራ ነበር። በ2003 ዩኒ ማሊነን የሚባል ፊንላንዳዊ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ ከራውተሩ ጋር ተነጋግሮ ቁልፉን የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ዛሬ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። በ2004 ደግሞ ሬድ ሃት ኔትወርክ ማናጀርን አመጣ፤ ጠቅ አድርገህ የምትገናኝበት ማለት ነው።

ኔትወርክ ማናጀር የታሰበው ለላፕቶፕ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከካፌ ወደ ቢሮ። ስለዚህ የዋይፋይ ፓስወርዱ የሚቀመጠው በዚያ ሰው የግል የቁልፍ ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ሰውየው ሲገባ ማኅደሩ ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ያቺን የሲቲኤስኤስ ማረሚያ አስታወሳችኋት? «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀመው» የሚለው ግምት 40 ዓመት ቆይቶ እዚህ ብቅ አለ። ለላፕቶፕ ግሩም ነው፤ ለላብ ጣጣ ነው። ማንም ሳይገባ ዋይፋይ አይነሳም። በራሱ የሚገባ አካውንት ካደረግክ ደግሞ ፓስወርድ ስላልጻፍክ ማኅደሩ አይከፈትም፤ በየጠዋቱ «ማኅደሩን ለመክፈት ፓስወርድ ያስገቡ» ይልሃል። በዓለም ላይ ስንት የላብ ኃላፊ ያንን ለማስቀረት የማኅደሩን ፓስወርድ ባዶ አድርጎት ይሆን!

በ2011 የወጣው 0.9 ቨርዥን ነገሩን ገለበጠው። ግንኙነቶች የማሽኑ ሆኑ፤ ማን ይጠቀም የሚለው እንደ ፈቃድ ተጻፈ። «ለሁሉም ተጠቃሚ» ከተባለ ፓስወርዱ ከኔትወርክ ማናጀር ፎልደር ውስጥ፣ ሩት ብቻ በሚያነበው ፋይል ውስጥ፣ በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። አዎ፣ በግልጽ ጽሑፍ። መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር፤ አሁን ግን ታማኝነቱን ወድጄዋለሁ። ፋይሉን ቢመሰጥሩት የምስጢሩ ቁልፍ እዚያው ማሽን ላይ መቀመጡ አይቀርም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር ማድረግ ነው።

ተራ አካውንት ይሄን ፋይል አያነብም፤ ሴቲንግ ውስጥ ዓይኗን ቢነካም የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ሥራውን ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ 18 ጊዜ ያፈረስኩት።

*

ሌሎች ትምህርት ቤቶች ምን አድርገው ነበር? ከሁሉ የወደድኩት መልስ ተላላኪውን ማስቀረት ነው። በ1999 ጂም መኩዊላን አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ኤልቲኤስፒ የሚባል ፕሮጀክት አለ። ተማሪው ፊት ያለችው ማሽን ዲስክ እንኳ የላትም፤ ስትበራ ሁሉን ነገር ከአንድ ሰርቨር በኬብል ትጭናለች። የሚሰረቅ ነገር ኪሷ ውስጥ የለም። ስፔን ውስጥ ኤክስትሬማዱራ የሚባለው ከአገሪቱ ድሃ ክልሎች አንዱ፣ በ2002 ሊንኤክስ የተባለ የራሱን ሊኑክስ ይዞ ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ብሎ ተነሳ። ከድህነቱ ሳይሆን ከድፍረቱ የተነሳ ነው ስሙ የሚነሳው።

የኛው ታሪክ ደግሞ አለ። በ2008 አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ የኤክስኦ ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገብተው ነበር፤ አረንጓዴና ነጭ፣ የመቶ ዶላር ላፕቶፕ የተባሉት። ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። ቢትፍሮስት የሚባለው የደህንነት ንድፋቸው በ2007 ሲጻፍ የተነሳበት ነጥብ ማንበብ ገና የሚማርን ሕፃን ፓስወርድ አትጠይቀው የሚል ነው። ደህንነት በልጁ ትዝታ ላይ ሳይሆን በማሽኑ አሠራር ላይ ይቁም ማለታቸው ነው። እኔ ከዚያ ንድፍ ይሄንን ሐሳብ ብቻ ወስጄ ብተገብር ኖሮ ሐሙስ ዕለት ስልክ አይደወልልኝም ነበር።

ከዚያ በ2012 የወንጪና የወለንጪቲ ነገር መጣ። የዚያው ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ላሉበት ሁለት መንደር ታብሌት በታሸገ ካርቶን፣ ያለ መመሪያ፣ ያለ አስተማሪ ሰጠን ብሎ አወራ። ልጆቹ ገጹን እንዳይቀይሩ የሚያግድ ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር፤ ካሜራውም በስህተት ተዘግቶ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ እገዳውን አልፈው የየራሳቸውን ገጽ አሳመሩ፣ ካሜራውንም አበሩት። ያ ታብሌት አንድሮይድ ነው፣ አንድሮይድ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ሊኑክስ ነው። ዓለም ሁሉ «ዋው፣ የኢትዮጵያ ልጆች አንድሮይድ ሀክ አደረጉ» ብሎ አጨበጨበ። የሰውየውን ወሬ ሁሉ እንዳለ መዋጥ የለብንም፤ ሲያወራ ያሳምራል። ግን አስቡት፤ ያንኑ የሚያደርግ ልጅ ወንጪ ላይ ሲሆን ተአምር ነው፣ 10ኛ ክፍል ሲሆን ወላጅ አምጣ ይባላል።

ትክክለኛው መድኃኒት ምን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲዎች ያወቁት በ2002 ነው። ክላስ ቪረንጋ የሚባል የሆላንድ መሐንዲስ ኤዱሮም የሚባለውን ሐሳብ አቀረበ፤ ለሁሉ አንድ ቁልፍ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ፓስወርድ፣ የሚያጣራውም የትምህርት ቤቱ ሰርቨር። አንዱ ካጠፋ አንዱ ይዘጋል፤ ሌላው አይነካም። ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ የማይሞት ነገር ይፈልጋል፣ አካውንት የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋል። የኛ ትምህርት ቤት ያለው የአይሲቲ መምህር አንድ ነው፤ እሱም ፊዚክስ ደርቦ ያስተምራል።

*

ሰኞ የልጅቷ እናት መጡ። ጉሊት የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ሥራቸውን ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት። ዳይሬክተሯ ቢሮ ተቀመጥን። «ልጄ ምን ወስዳ ነው?» አሉ። ዋይፋይ ፓስወርድን ማስረዳት ከባድ ሆነብኝ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይታ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ አንተም ወላጅ አምጣ እንጂ!» አሉኝ።

ዳይሬክተሯ አልሳቁም። «ማየቷ ይሁን፤ ለ40 ልጅ ማከፋፈሏስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፓኬጁን የከፈሉት ከጽሕፈት መሣሪያ በጀት ቀንሰው ነው። የኤምአይቲውን ተማሪ ታሪክ ነገርኳቸው። «ኢንጂነር፣ ያ አሜሪካ ነው» አሉኝ። ብዙ ተከራከርን። ሁለት ሳምንቱ ሦስት ቀን ሆነ። ለእኔ ሦስት ቀኑም በዛ፤ ለእሳቸው ደግሞ ሦስት ቀን ትልቅ ምሕረት ነው።

እኔ በሁለት ቅዳሜ እንዲህ አደረግኩ። የአስተዳዳሪ አካውንቱን ለይቼ «ተማሪ»ን ተራ ተጠቃሚ አደረግኩት። ራውተሩ ላይ ለላቡ ብቻ የሆነ፣ ከቢሮው የተነጠለ፣ ፍጥነቱ የተገደበ ሌላ ኔትወርክ ከፈትኩ። በማክ አድራሻ ማጣራትን ተውኩት፤ አንድ ትዕዛዝ ጽፎ የሚቀየር ነገር ነው። ከዚያ ጓደኞቼን ብር አስዋጥቼ አሮጌ ስዊችና አንድ ጥቅል ኬብል ገዛን፤ ጫፎቹን በክሪምፐር ራሳችን ጨመቅናቸው። 17ቱ ኮምፒውተሮች አሁን በኬብል ናቸው፤ የሚያወጡት ፓስወርድ የላቸውም። በር አጠገብ ላለችው ለ18ኛዋ ግን ኬብሉ ሁለት ሜትር አነሰ። እሷ በዋይፋይ ቀረች፣ የራሷ የሆነ፣ በየወሩ የሚቀየር ቁልፍ ይዛ። ሪከቨሪ ገብተው ሩት እንዳይሆኑ ግራቡ ላይም ፓስወርድ አደረግኩ።

ልጅቷ ስትመለስ «እስቲ አሁን አውጪው» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችልኝ። ከፍላሽ ኡቡንቱ አስነስታ፣ ዲስኩን ከፍታ፣ ፋይሉን አንብባው ነው። ባዮሱ ላይ ፓስወርድ ማድረግ ረስቼ ነበር።